በጥንት ግሪክ ሸክላዎች ላይ የተሳሉ ባዕዳን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጥንት ግሪክ ሸክላ ፎቶ ቴሌግራም ላይ ሲለቀቅ ከሥሩ የሚመጣው አስተያየት አይለወጥም። አንዱ «እነዚህ ጥቁሮች እኮ እኛ ነን» ይላል። ሌላው «ፎቶሾፕ ነው» ይላል። ሦስተኛው ጭቅጭቁን ትቶ «ሱሪ የለበሰው ሰውዬ ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከሦስቱ ደህና የጠየቀው እሱ ነው። እዚህ ደጋግመው የሚመጡትን ጥያቄዎች ሰብስቤ መልሻለሁ። «ቅ.ል.ክ.» ስል ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ማለቴ ነው።

ሸክላው ላይ ያሉት ጥቁር ሰዎች በሙሉ አፍሪካውያን ናቸው?

አይደሉም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

በ6ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. የአቴንስ ሠዓሊዎች ሰውን ሁሉ የሚስሉት በጥቁር ነበር። ግሪኩም፣ ፋርሱም፣ ፈረሱም፣ አምላኩም ጥቁር ነው። ሴቶችን ብቻ ብዙ ጊዜ በላዩ ላይ ነጭ ይቀቧቸዋል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሸክላ ላይ ጥቁር ሆኖ የተሳለ ሰው ካያችሁ፣ የተሳለበትን ዘዴ ነው ያያችሁት። የሰውየውን ቆዳ አይደለም።

ጥቁሩ ደግሞ እንደምናስበው ቀለም አይደለም። በብረት የበለጸገ ጭቃ በውሃ ተበጥብጦ፣ ደቃቁ ብቻ ተለይቶ የሚቀባ ነው። ምድጃው ውስጥ መጀመሪያ አየር ይገባል፣ ዕቃው ይቀላል። ቀጥሎ አየር ይዘጋበታል፣ ሁሉም ይጠቁራል። በመጨረሻ አየር እንደገና ሲገባ ያልተቀባው ቦታ ወደ ቀይነቱ ይመለሳል፤ የተቀባው ግን እንደ መስታወት ስለተደፈነ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። አየር የተነፈገ ሸክላ እንደሚጠቁር የእኛም ጀበና ሠሪዎች አሳምረው ያውቁታል።

በ525 ቅ.ል.ክ. አካባቢ አቴንስ ውስጥ ነገሩ ተገለበጠ። ዙሪያው ጥቁር፣ ሰዎቹ በሸክላው በራሱ ቀይ ቀለም ሆኑ። አሁን ደግሞ ሁሉም ሰው ቀይ ነው፣ አፍሪካዊውም ጭምር።

እና ባዕድ ሰው በምን ይለያል?

በመልክና በልብስ። ሠዓሊው አፍሪካዊ ሊስል ሲፈልግ አፍንጫውን ሰፋ፣ ከንፈሩን ሞላ ያደርጋል፣ ጸጉሩን በትንንሽ ክብ ወይም በነጠብጣብ ያከረድደዋል። ከጥቁር ባሕር ሰሜን ለመጣው እስኩቴስ ሹል ቆብና ሱሪ፣ ከግሪክ በስተሰሜን ለሚኖረው የትራቂያ ሰው የቀበሮ ቆዳ ቆብና ጥለት የበዛበት ካባ፣ ለግብፅ ቄስ የተላጨ ራስ። እንደ ቴአትር አልባሳት ክፍል አስቡት። ተዋናዩ ቆቡን ሲያጠልቅ ተመልካቹ ማን እንደመጣ ያውቃል።

ችግሩም እዚያው ነው። አልባሳቱ ይቀላቀላል። አንድ ጥሩ ማስረጃ ላሳያችሁ። ከ490 እስከ 480 ቅ.ል.ክ. ገደማ የተሠሩ ትንንሽ የሽቶ ብልቃጦች አሉ። ነጭ መደብ ተቀብተው በላያቸው ላይ ጥቁር አፍሪካዊ ተዋጊ ተስሎባቸዋል። መልኩ አፍሪካዊ ነው። የለበሰው ግን የምሥራቅ ሰው ሱሪ ነው! የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ የፋርሱን ንጉሥ የዘርክሲስን ሠራዊት ሲገልጽ፣ ከግብፅ በላይ የመጡት ጥቁር ተዋጊዎች የነብርና የአንበሳ ቆዳ እንደለበሱ፣ ወደ ጦርነት ሲገቡም ግማሽ ገላቸውን ነጭ፣ ግማሹን ቀይ ይቀቡ እንደነበር ጽፏል። የብልቃጡ ሠዓሊ ይህን አልሳለም። ከመደርደሪያው ላይ ያገኘውን «የባዕድ ልብስ» አንስቶ አለበሰው። ሸክላን እንደ ፎቶግራፍ ለሚያይ ሰው ይቺ ብልቃጥ ትበቃዋለች።

«አይቲዮፕስ» የተባሉት እኛ ነን?

ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ሐበሻ አላጋጠመኝም። እኔም ጠይቄዋለሁ።

ቃሉ ግሪክኛ ነው። «ማቃጠል» እና «ፊት» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተሠራ ሲሆን፣ ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ ማለት ነው። የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር አይቲዮፕስን የዓለም ዳር ነዋሪዎች ያደርጋቸዋል። አንዳንዶቹ ፀሐይ በምትወጣበት፣ አንዳንዶቹ በምትጠልቅበት። ነውር የሌለባቸው ይላቸዋል፤ አማልክቱም አለቃቸውን ዜውስን ተከትለው ለ12 ቀን ግብዣ ወደ እነሱ ይሄዳሉ። ይህ የካርታ መረጃ አይደለም፣ ተረት ነው። በኋላ ሄሮዶቱስ ቦታውን ሲጠቁም ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን፣ ዋና ከተማው ሜሮዌ የሆነውን አገር ነው። ያ ዛሬ ሱዳን ውስጥ ነው። ኩሽ።

ታዲያ ስሙ ወደ እኛ እንዴት መጣ? በሁለት መንገድ። አንደኛው በመጽሐፍ ነው። ብሉይ ኪዳን ወደ ግሪክኛ ሲተረጎም ዕብራይስጡ «ኩሽ» ያለውን ተርጓሚዎቹ «አይቲዮፒያ» አሉት። «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለው ጥቅስ ዕብራይስጡ ላይ ኩሽ ነው። ሁለተኛው መንገድ አክሱም ናት። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ም. ንጉሥ ኢዛና ባስቀረጸው ድንጋይ፣ በአገሩ ቋንቋ ሐበሠት የተባለው ሕዝብ በግሪክኛው ጽሑፍ «አይቲዮፕስ» ተብሏል። ግን ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው እነዚያ ሸክላዎች ከተሳሉ ከ800 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ስለዚህ በሸክላው ላይ ያለው አይቲዮፕስ የጎንደር ወይም የሸዋ ሰው አይደለም። ግሪኮች በዚያ ስም የጠሩት ከግብፅ ወዲያ ያለውን ጥቁር ሕዝብ በጅምላ ነው። «እኛ ነን» ለሚለው ቀጥተኛ መልሱ «ስማችን ነው፣ ሥዕሉ ግን የጎረቤታችን ነው» የሚል ይመስለኛል።

ሜምኖን የአይቲዮፕስ ንጉሥ ከነበረ ለምን ግሪክ መስሎ ተሳለ?

በግሪክ ተረት ሜምኖን የንጋት አምላክ የኢኦስ ልጅ ነው። ግሪኮች የከበቧትን የትሮይን ከተማ ለመርዳት ከአገሩ ጦር ይዞ መጥቶ በግሪኩ ጀግና በአኪለስ እጅ ሞተ። ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም አንድ እንስራ አለ። የሣለው ኤክሴኪያስ ነው፣ በጥቁር ሥዕል ዘመን ከነበሩት ሁሉ የተዋጣለት ሠዓሊ። ዘመኑ 535 ቅ.ል.ክ. ገደማ ነው። መሃል ላይ ሜምኖን ሙሉ የጦር ትጥቅ ለብሶ ቆሟል፤ እንደማንኛውም የግሪክ ጀግና። ከግራና ከቀኝ የቆሙት ሁለት አጃቢዎቹ ግን ፊታቸው አፍሪካዊ ነው። ጸጉራቸው ጥቅልል፣ አፍንጫቸው ሰፋ ያለ። ሁሉም ጥቁር የተቀቡ ስለሆነ ልዩነቱን የሚነግራችሁ በመርፌ ጫፍ የተጫረው መስመር ብቻ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ይመስላል። በግሪክ ዓይን ጀግና የሚባል ሰው መልኩ አንድ ነው። ሠዓሊው ንጉሡን ከጀግኖች ጎራ ሊያወጣው አልፈለገም። የየት አገር ንጉሥ እንደሆነ የማሳወቁን ሥራ ለአጃቢዎቹ ሰጠ። ለእኔ ይህ አክብሮትም ስድብም አለው። ንጉሡን አክብሮ መልኩን ነጠቀው።

እዚያው እንስራ ላይ ከአንደኛው አጃቢ አጠገብ «አማሲስ» የሚል ስም ተጽፏል። አማሲስ በወቅቱ ግብፅን ይገዛ የነበረው ፈርዖን ስም ነው። በዚያው ዘመን አቴንስ ውስጥ ይሠራ የነበረ የታወቀ ሸክላ ሠሪም አማሲስ ይባላል። ኤክሴኪያስ የሙያ ተፎካካሪውን እየነካው ነበር የሚሉ ምሁራን አሉ። እውነት ከሆነ ለ2500 ዓመት የቆየ ለከፋ ነው።

ሜምኖን ከሞተ በኋላ ያለውን ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ፓሪስ ሉቭር ውስጥ ዱሪስ የሣለው ጽዋ አለ። ክንፍ ያላት እናት የልጇን ራቁት ሬሳ በሁለት እጇ አንስታ ጎንበስ ብላ ታየዋለች። እጆቹ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። እዚያ ፊት ስቆም ስለ ዘርና ስለ መልክ መጠየቅ ይጠፋብኛል።

አንድሮሜዳስ?

ያው ታሪክ ነው። የአይቲዮፒያ ንጉሥ ልጅ ተብላ፣ መልኳ ግን አፍሪካዊ አይደለም። ቦስተን ባለው የ450 ቅ.ል.ክ. አካባቢ ሸክላ ላይ የምሥራቅ ሰው ልብስ ለብሳለች፤ አፍሪካዊ መልክ ያላቸው አገልጋዮች ለባሕር አውሬ እንድትሰጥ ከእንጨት ጋር ሊያስሯት ነው። አገሩን የሚነግሩን እዚህም አገልጋዮቹ ናቸው።

ሱሪ የለበሱት ቀስተኞች እነማን ናቸው?

አብዛኞቹ እስኩቴሶች ናቸው፣ ወይም እስኩቴስ እንዲመስሉ የተሳሉ። ስሙን ከቆላስይስ መልእክት ታውቁታላችሁ፤ «እስኩቴስም ባሪያም ጨዋ ሰውም» ከሚለው። ከጥቁር ባሕር ሰሜን የነበሩ ፈረሰኞች ናቸው። ግሪክ ሱሪ አይለብስም፣ እንደ ነውር ያየዋል። ሠዓሊው ግን በሱሪ ላይ ያለው ዚግዛግና ነጠብጣብ በጣም ደስ ብሎት እንደሣለ ያስታውቃል።

ፍሎረንስ ውስጥ የፍራንስዋ ዕቃ የሚባል ግዙፍ የወይን መበጥበጫ አለ። 570 ቅ.ል.ክ. ገደማ ክሊቲያስ ሣለው፣ ኤርጎቲሞስ ሠራው፤ ሁለቱም ፈርመውበታል። የከርከሮ አደን ላይ ሹል ቆብ ያደረጉ ቀስተኞች አሉበት። አንደኛው ቶክሳሚስ፣ ሌላው ኪሜሪዮስ ይባላል። ስማቸው ራሱ የባዕድ ነው። ዕቃው በ1844 እ.ኤ.አ. ከተቆፈረ በኋላ በ1900 የሙዚየሙ ዘበኛ ተናዶ ሰባብሮት 638 ቁራጭ ሆኖ ነበር። ዛሬ ተገጣጥሞ ቆሟል።

ከ530 እስከ 490 ቅ.ል.ክ. ባለው ጊዜ እነዚህ ቀስተኞች በአቴንስ ሸክላ ላይ ይበዛሉ። ብዙዎቹ ከግሪክ ጀግኖች ጎን ቆመው ይሸኛሉ፣ ይሄዳሉ፣ ይዋጋሉ። ታዲያ እውነተኛ እስኩቴሶች አቴንስ ነበሩ? ምሁራን አይስማሙም። ልብሱ «ይህ ሰው ቀስተኛ ነው» ከማለት ያለፈ ትርጉም የለውም የሚሉ አሉ፤ እኔም ወደዚያ አደላለሁ። የእስኩቴስ ባሮች የአቴንስ ጸጥታ አስከባሪ የሆኑት ሥዕሎቹ ከቀነሱ በኋላ፣ ከፋርስ ጦርነት ወዲህ ነው።

ጦርነቱ ደግሞ ሱሪውን ወደ ሌላ ሰው አዛወረው። ከ490 የማራቶን ውጊያ በኋላ ሱሪ ለባሹ ፋርስ ሆነ፣ ጠላት ሆነ፤ በሥዕል ላይም ሁልጊዜ ይሸነፋል። ኤድንብራ ባለው ጽዋ ላይ ግሪኩ ሰይፉን አንስቷል፣ ጥለት በጥለት የሆነው ፋርስ እየወደቀ ነው። አማዞኖችም፣ ማለትም የተረቱ ሴት ተዋጊዎች፣ ቀድሞ እንደ ግሪክ ወታደር ይታጠቁ የነበሩት፣ ቀስ በቀስ ያንኑ ሱሪ ወረሱ።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በደቡብ ጣሊያን የተሣለው የዳርዮስ ዕቃ ግን የተለየ ነው። ዛሬ ኔፕልስ ነው፣ ቁመቱ 1.30 ሜትር። ንጉሥ ዳርዮስ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ከአማካሪዎቹ ጋር ይመክራል። ከሥር ገንዘብ ያዡ በመቁጠሪያ ጠረጴዛ ፊት ቁጭ ብሎ ግብር ይቀበላል። እዚህ ፋርሱ እየሸሸ አይደለም። ሰው ነው፣ ሥራ ላይ ነው።

ክንዳቸው ላይ ንቅሳት ያላቸው ሴቶች እነማን ናቸው?

የትራቂያ ሴቶች፤ ከግሪክ በስተሰሜን፣ በዛሬዋ ቡልጋሪያ አካባቢ የነበሩ። ብዙ ጊዜ የሚታዩት ዘፋኙን ኦርፌዎስን ሲገድሉ ነው። እኔ የምወዳት ግን አንዲት አሮጊት ናት።

ጀርመን ሽቬሪን ከተማ ያለ የ470 ቅ.ል.ክ. አካባቢ ጽዋ ላይ ሄራክልስ፣ በጉልበቱ የታወቀው የተረት ጀግና፣ ገና ልጅ ሆኖ ወደ ሙዚቃ ትምህርቱ ይሄዳል። ከኋላው ጌሮፕሶ የምትባል ሞግዚት ክራሩን ተሸክማ ትከተላለች። ጀርባዋ ጎብጧል። ፊቷ ተጨማዷል። በትሯ እንደሷው ጠማማ ነው። አንገቷ፣ ክንዷና እግሯ ላይ ንቅሳት አለ። ለግሪክ ሴት ንቅሳት የባርያ ምልክት ነው፣ ለትራቂያ ሴት ግን የወገን ምልክት። ሠዓሊው ይህን ሁሉ ለአንዲት ሞግዚት መጨነቁ ይገርመኛል። አቴንስ ውስጥ ከትራቂያ የመጡ ሞግዚቶች ሞልተው ነበር። ምናልባት የሚያውቃት ሴት ነበረች ብዬ አስባለሁ። ማረጋገጫ የለኝም፣ ግን ያን በትር ያየ ሰው ይረዳኛል።

ግብፆችን ለምን ይሳለቁባቸዋል?

ቡሲሪስ በሚባል የተረት ንጉሥ ምክንያት። ታሪኩ ይህ ነው። የግብፁ ንጉሥ እንግዳ የሆነን ሁሉ ያርዳል። ሄራክልስ ሲመጣ እንደ በግ ይነዳና መሠዊያው ላይ ሲደርስ ገመዱን በጥሶ ሁሉንም ይጨርሳቸዋል።

አቴንስ በብሔራዊ ሙዚየሙ ያለው ሸክላ የታወቀ ነው፣ 470 ቅ.ል.ክ. ገደማ። ሄራክልስ አንዱን ቄስ በቁርጭምጭሚቱ ይዞ ዘቅዝቆ እንደ ዱላ ሊወረውረው ነው። ሌሎቹ ራሳቸውን የተላጩ ቄሶች ይተራመሳሉ። ቀሚሳቸው ተገልቦ መገረዛቸው ይታያል። ሠዓሊው ይህን በስህተት አልሣለውም። ግሪኮች አይገረዙም፤ መገረዝ ለእነሱ የባዕድ ምልክትና መሳቂያ ነበር። ከስምንት ቀን ጀምሮ ለሚገረዝ ሕዝብ ልጅ ሥዕሉን ማየት ትንሽ ግራ ያጋባል፤ የሚሳቀው በማን ላይ ነው?

የሚገርመው ሄሮዶቱስ ይህን ተረት አጣጥሎታል። ግብፆች እንስሳ እንኳ ሲሠዉ ከተወሰኑት በቀር የማይነኩ ሰዎች እንዴት ሰው ይሠዋሉ? ይላል። ተረቱን ያወሩትን ግሪኮች ሳያስቡ የሚናገሩ ይላቸዋል። ሥዕሉ ግን ከእሱ መጽሐፍ ቀድሞ ተሥሏል።

ቪየና ያለው እንስራ ደግሞ ቀልዱን ከፍ ያደርገዋል። ሄራክልስ ግዙፍ ነው፣ ግብፆቹ ከእግሩ ሥርና ከብብቱ ሥር እንደ አሻንጉሊት ተበትነዋል። ፈርዖን በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ጠላቶቹን ሲረግጥ እንደሚሳለው ማለት ነው፣ ተገልብጦ። በጀርባው በኩል አምስት ጥቁር ጠባቂዎች ዱላ ይዘው ለእርዳታ ይሮጣሉ። ሳይደርሱ ቀርተዋል።

ታዲያ ግሪኮች ዘረኞች ነበሩ?

በዛሬው ትርጉም ለመመለስ ያስቸግራል። በቆዳ ቀለም ሰውን የማዋረድ ሥርዓት አልነበራቸውም፤ ዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፍራንክ ስኖውደን ይህን ሲሟገቱ ኖረዋል። ከእሳቸው በኋላ የመጡ ምሁራን ደግሞ ሥዕሎቹን ማሳመር ይብቃን ብለዋል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። አንድ የመጠጥ ዋንጫ በአንድ ፊት አፍሪካዊ፣ በሌላው ፊት የግሪክ ሴት ሆኖ ተቀርጿል፤ ሁለቱም ያምራሉ። ሌላው ዋንጫ፣ ሶታዴስ የሚባለው ሠሪ የፈለሰፈው፣ በአዞ የተያዘ ጥቁር ልጅ ነው። ይህ ግብዣ ላይ ወይን እየጠጡ የሚያዩት ነገር ነበር። እየሳቁ መሆን አለበት።

ሠዓሊዎቹ ራሳቸው ግሪኮች ነበሩ?

ሁሉም አይመስሉም። ይህን ሳውቅ ሥዕሎቹን የማይበት ዓይን ተቀየረ።

ሸክላ ሠሪዎቹ የሚኖሩበት የአቴንስ ሰፈር ኬራሜይኮስ ይባል ነበር፤ ዛሬ «ሴራሚክ» የምንለው ከዚያው ቤተሰብ ነው። ፊርማቸውን ስታዩ ሊዶስ አለ፣ ሊዲያዊው ማለት ነው፣ ከዛሬዋ ምዕራብ ቱርክ። ስኪቴስ አለ፣ እስኩቴሱ። ሲሪስኮስ አለ፣ ትንሹ ሶርያዊ። አማሲስን ቀደም ብለን አይተናል። ቅጽል ስም ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ስም የትውልድ ማስረጃ አይሆንም። ግን አንዱ፣ ከታዋቂው ሊዶስ ሌላ የሆነ ሊዶስ፣ ባሪያ ሆኖ እንደሣለ በራሱ እጅ ጽፏል።

እንግዲህ ባዕዱን የሚስለው ባዕድ ከሆነ፣ በማን ዓይን ነው የሚያየው? ደንበኛው የሚስቅበትን ስሎ እንጀራውን የሚበላ ስደተኛ ባለሙያ አስቡ። ብዙ ርቀን መሄድ አያስፈልገንም።

ሸክላዎቹ የት ተገኙ? አፍሪካስ ደርሰዋል?

ሳይሰበሩ የቆዩት በብዛት የተገኙት ጣሊያን ውስጥ፣ ከሮም መግነን በፊት እዚያ በነበሩት በኤትሩስካን ሰዎች መቃብሮች ነው። ግሪክ ሠራ፣ ኤትሩስካን ገዛ፣ ከሬሳው ጋር ቀበረ።

አፍሪካም ደርሰዋል። አንዱ የት እንደተገኘ ሳነብ ሁለቴ ነው ያነበብኩት። አዞውን የሠራው ያው ሶታዴስ ፈረስ ላይ የተቀመጠች አማዞን ቅርጽ ያለው የመጠጥ ዕቃ ሠርቶ ፈርሞበታል፤ አፉ ዙሪያ ግሪኮችና ፋርሶች ይዋጋሉ። ከአቴንስ ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ዓባይን ሽቅብ ሄደ። በ1921 እ.ኤ.አ. አካባቢ የሃርቫርድና የቦስተን ቆፋሪዎች ያገኙት ሜሮዌ ውስጥ፣ ፒራሚድ ሥር ነው። ግሪኮች አይቲዮፕስ ያሏቸው ሰዎች አገር ማለት ነው። አንድ የኩሽ መኮንን የግሪክን ባዕዳን ሥዕል ገዝቶ ወይም ተሰጥቶት የራሱ አድርጎት መሆን አለበት። ዛሬ ቦስተን ነው ያለው፣ ፎቶውም የሙዚየሙ ድረ ገጽ ላይ አለ። ፈረሱን እዩት፣ ከዚያ ሱሪውን።